ትንሿ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠርሙስ፦ ልጅ ቢጠጣት፣ ዓይን ውስጥ ብትገባ ምን እናድርግ?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ጎንደር፣ አዘዞ እናቴ ቤት ሰው ሁሉ ጉንፋን ይዞት ነበር። እህቴ ፒያሳ ወጥታ አንዲት ቡናማ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። የባሕር ዛፍ ዘይት ናት፤ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ። ማታ ሙቅ ውሃ ላይ ጠብ ጠብ እያደረግን ታጠንን። አፍንጫችን ተከፈተ፣ ተመስገን ብለን ተኛን፣ ጠርሙሷ ግን ረከቦቱ ጥግ ላይ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ሲቆላ ሁለት ዓመት ያልሞላት የእህቴ ልጅ አገኘቻት። ምን ያህል እንደጠጣች ያየ የለም። እኛ የሰማነው ሳሏን ነው። ዞር ስንል አፏን በመዳፏ እያሸች ታለቅሳለች፣ የቀሚሷ ደረት ርሷል፣ ቤቱ በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

እናቴ "ወተት! ወተት አምጡ!" ብላ ጮኸች። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን ደግሞ ልጅቷን ደፋ አድርጋ ጣቷን ወደ ጉሮሮዋ ልትሰድ ነው። "ይውጣላት እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ!" ትላለች። እጇን ያዝኩት። "እትዬ ተይ፣ እንዳታስመልሻት!" አልኳት። ተቆጣችኝ። አልፈርድባትም፣ እኛ ዘንድ መርዝ የጠጣ ሰው ሲገኝ ወተት መጋትና ማስመለስ ከጥንት የተያዘ ነገር ነው። በዚህ ዘይት ግን ሁለቱም ልጅቷን የባሰ ሊጎዷት ይችሉ ነበር።

እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ይህን ዘይት የሚጠይቀን ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው፤ ለጉንፋን፣ ለፀጉር፣ ለፊት፣ ለጥርስ። ጠርሙሷ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ደቃቅ ነው፣ ቋንቋውም የውጭ ነው። ስለዚህ እስቲ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም

ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ዓይነት ዘይት ኢሴንሻል ኦይል ይባላል፤ ብዙ ሰው እንደ ምግብ ዘይት ያለ ነገር ይመስለዋል። የሰሊጥ፣ የኑግ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት ነው፣ ወረቀት ላይ ጠብ ቢል እድፉ እዚያው ይቀራል። ኢሴንሻል ኦይል ለተክሉ ሽታውን የሚሰጠው ነገር ነው፣ በንኖ ይጠፋል። የባሕር ዛፉ አወጣጥ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቅጠሉ ውስጥ እንፋሎት ይለቀቅበታል፣ እንፋሎቱ ሽታውን ይዞ በቱቦ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከታች ይሆንና ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ያች የተንሳፈፈችው ተቀድታ ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ከአንድ ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት በግምት ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ስለዚህ እህቴ የገዛቻት ጠርሙስ ውስጥ የግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም የአንድ ኪሎ ሙሉ ቅጠል ዘይት ገብቷል ማለት ነው። እናቴ ለመታጠን ድስት ውስጥ የምትጨምረው አንድ እፍኝ፣ ቢበዛ ሁለት እፍኝ ነው፣ እሱም ብዙ ውሃ ውስጥ። "ከልጅነታችን ጀምሮ ስንታጠነው የኖርን አይደል እንዴ?" የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። አዎ፣ ግን የታጠንነው ቅጠሉን ነው። ዘይቱን ማንም አያት አላጠጣንም።

ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ሲኒዮል ይባላል። ሲሸተት አፍንጫ የሚከፍተው እሱ ነው። ተጠጥቶ ደም ውስጥ ሲገባ ግን አንጎልን ያደክማል፤ ሰውየው ይንገዳገዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ልጅ ከሆነ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። ለትንሽ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያም ያነሰ፣ ከባድ ሊሆን ይችላል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው። የዚያች ጠርሙስ ግማሽ ማለት ነው።

ዘይቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ካምፎር፣ ብዙ የጉንፋንና የሕመም ቅባት ውስጥ ያለው፣ ሲዋጥ ፈጣን ነው፤ ልጅን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታሸው ዊንተርግሪን የሚባል ተክል ዘይት ደግሞ ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባል የአስፕሪን ዘመድ ነው። የዚህ ንጹሕ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ከ20 በላይ መደበኛ የአስፕሪን ክኒን ያህል ጉልበት አለው። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ዓይናቸው ይፈጣል፣ እኔም መጀመሪያ ስማር እንደዚያው ነበርኩ። ለጥርስ ሕመም የምንፈልገው የቅርንፉድ ዘይት ሕፃን ከጠጣው ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። አዋቂም ቢሆን ሳያቀጥነው ድዱ ላይ ካስቀመጠው ያቃጥለዋል። ቅርንፉዱን ራሱን ጥርስ ላይ ነክሶ መያዝና ዘይቱን ማፍሰስ ለየቅል ናቸው።

ለምን አታስመልሱ?

ይህ ዘይት ከውሃ ይልቅ ነጭ ጋዝን ይመስላል። ቀጭን ነው፣ ያንሸራትታል፣ የነካው ላይ ሁሉ ይስፋፋል። ሆድ ውስጥ እያለ አንድ ጉዳት ነው። ልጁ ሲያስመልስ ግን ዘይቱ በጉሮሮ ይመለሳል፣ ጉሮሮ ላይ ደግሞ የአየር ቧንቧው አለ። ጥቂት እንኳን ወደዚያ ካመለጠ ሳንባው ውስጥ ይሰራጫል፣ ሳንባው ይቆጣል፣ መተንፈስ ያስቸግራል። የሳንባ ምች የመሰለ ሕመም ያስከትላል። ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ አይቶ የሚያውቅ ሐኪም ሁሉ ይህንን ይነግራችኋል። ልጁ በዚያ ላይ እየደከመ ወይም ሊንቀጠቀጥ ከሆነ አደጋው እጥፍ ነው።

ወተቱስ? ወተት ዘይቱን አያረክሰውም። ሆድ ይሞላል፣ ሆድ ሲሞላ ደግሞ ማስመለስ ይመጣል። የሳሙና ውሃ፣ ሎሚ፣ የምግብ ዘይት፣ የተፈጨ ከሰል፣ እነዚህም ይቅሩ።

ሲጠጣ የሚደረገው

ጠርሙሱን ከልጁ እጅ ውሰዱ። ጣታችሁ ላይ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከንፈሩንና የአፉን ውስጥ ከፊት ከፊት ጥረጉለት፣ ወደ ጉሮሮው አትግቡ። መጉመጥመጥ የሚችል ትልቅ ልጅ ከሆነ ተጉመጥሙጦ ይትፋው። ነቅቶ ደህና የሚውጥ ከሆነና አፌን አቃጠለኝ ካለ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ይበቃዋል። ልብሱ ላይ ፈሶ ከሆነ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳውን በሳሙና እጠቡት። ይህ ሁሉ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል። "ደህና ይመስላል፣ ትንሽ እንየው" አትበሉ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ግን ሰዓታት ቆይቶ የሚመጣም አለ፣ እንቅልፍ ወሰደው ስትሉ ራሱን ስቶ ሊሆን ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እኛ ያን ጠዋት ደጃፍ ላይ የቆመ ባጃጅ ስላገኘን በእሱ ሄድን። ልጅቷን እህቴ ጭኗ ላይ ቀና አድርጋ ይዛት፣ እኔ ጠርሙሷን በፌስታል ቋጥሬ።

ጠርሙሷን መያዝ ዋና ነገር ነው። ሐኪሙ የሚያደርገው እንደ ዘይቱ ዓይነት ይለያያል። የቅርንፉድ ከሆነ ለጉበቱ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ዊንተርግሪን ከሆነ ደሙ ይመረመራል። የጠጣበትን ሰዓትም ንገሩ። እኔ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ "4፡10" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ምክንያቱም በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሰዓት ከሰው ራስ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ሆስፒታል ስትደርሱ ደግሞ "ሆዱን እጠቡልን" ብላችሁ አትጨቅጭቁ። ለዚህ ዓይነት ዘይት ሆድ ማጠብ በአብዛኛው አይመከርም፣ ምክንያቱ ያው የሳንባው ነገር ነው። ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ ካንቀጠቀጠው ማስቆሚያ መድኃኒት ይወጋሉ፣ ሳንባውን ያዳምጣሉ፣ ካስፈለገ ራጅ ያነሳሉ። ቀሪው መጠበቅ ነው።

መንገድ ላይ ካደከመው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፣ ቢያስመልስ እንኳን ወደ ውጭ እንዲፈስ። ካንቀጠቀጠው አጠገቡ ያለውን ጠንካራ ነገር አርቁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ወይም ሹራብ አድርጉ። አትጫኑት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። መተንፈስ ካቆመ የምትችል ሰው ካለች ወዲያው ትንፋሽ መስጠትና ደረት መጫን ትጀምር፣ ሌላው ሰው ይደውል።

ክብሪቱን ደግሞ ተዉት። ሰው ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተት እኛ አካባቢ የተለመደ ነው። ለማንም አይጠቅምም፣ እዚህ ላይ ግን ጭራሽ አደገኛ ነው። ልብሱ በዘይት የራሰ ልጅ ፊት እሳት እያቀረባችሁ ነው። ይህ ዘይት ይነዳል።

ዓይን፣ ቆዳ፣ ትንፋሽ

ዓይን ውስጥ የሚገባው አንዳንዴ በስህተት ነው። ጠርሙሷ የዓይን ጠብታ ትመስላለች፤ አያቶች መነጽር ሳያደርጉ ያነሷታል። ብዙ ጊዜ ግን ዘይቱን በነካ እጅ ዓይን ማሸት ነው። መፍትሔው ውሃ ነው፣ ብዙ ውሃ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የተጎዳው ዓይን ወደ ታች እንዲሆን ጭንቅላትን አዘንብሉ፣ ሽፋኑን በጣት ገለጥ አድርጋችሁ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ በኩል ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። 20 ደቂቃ ረጅም ነው። በሰዓት ያዙት፣ ሰው ሁሉ ሁለት ደቂቃ ሲሞላው በቃ ይላል። ጎንደር ላይ ደግሞ ቧንቧው በፈረቃ ነው፣ ያን ዕለት ውሃ ላይኖር ይችላል። ለመጠጥ ያስቀመጣችሁትን ጀሪካን አውጡና በጆግ እየቀዳችሁ አፍስሱ፣ አትሰስቱ፣ ውሃ ይመጣል። የጡት ወተት መጨመር፣ ቅባት ማድረግ፣ ማሸት ይቅር። ታጥቦ ካለቀ በኋላ ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም ከደበዘዘ ሐኪም ይየው፤ ልጅ ከሆነ ግን ሳትጠብቁ ውሰዱት።

ቆዳ ቀላል ነው። ዘይትና ውሃ ስለማይዋደዱ ውሃ ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፣ ሳሙና ይጨመር። በጣም ካቃጠለ መጀመሪያ በምግብ ዘይት በራሰ ጨርቅ ጥረጉትና ከዚያ በሳሙና እጠቡት። ይህ ለቆዳ ብቻ ነው፣ ለዓይን አይሠራም። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት።

ትንፋሽ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ቡና ሲፈላ ዕጣን በሚጨስበት ፍም ላይ ዘይቱን ጠብ ማድረግ። አታድርጉት፣ ብልጭ ብሎ እጅ ያቃጥላል። የታመቀ ክፍል ውስጥ ሽታው በዝቶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማፈን ካመጣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡት፣ መስኮት ክፈቱ። አስም ያለበት ሰው ካለ ጭራሽ አይጀመር። ክፍሉ ውስጥ የከሰል ምድጃ ካለና ብዙ ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሰሉ ነው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሁሉም ቶሎ ይውጣ።

በዚሁ ላይ ስለመታጠን ልጨምር። ድንኳን ሠርተው ብርድ ልብስ ተከናንበው ልጅ አቅፈው የሚታጠኑ እናቶች አሉ። ልጁ አንዴ እግሩን ቢዘረጋ የፈላው ድስት ጭኑ ላይ ነው። ለእኔ ከዘይቱ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። ትንንሽ ልጆችን አታጥኑ። ከተቃጠለ ቀዝቀዝ ወይም ለዘብ ያለ የቧንቧ ወይም የጀሪካን ውሃ 20 ደቂቃ አፍስሱበት፣ በረዶ አይሁን። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ቅቤ አትቀቡት። ሐኪሙ እሱን ፍቆ ማንሳት አለበት፣ ልጁ ደግሞ ሁለተኛ ይጮሃል።

መጠቀም የሚፈልግ ሰውስ?

አትጠቀሙ አልልም። ለአዋቂ ቆዳ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይበቃል። 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ለፊት 6 ጠብታ፣ ለሰውነት 12 ጠብታ። ሰሊጥ ደግሞ ከመተማና ከሁመራ የሚመጣ የራሳችን ነገር ነው፣ ከውጭ የሚገባ ውድ ማቅጠኛ ፍለጋ አትድከሙ። መጀመሪያ የክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀቡና አንድ ቀን ጠብቁ። ካሳከከ ይቅርባችሁ።

ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ምንም አትቀቡ። በተለይ ሜንቶል፣ ካምፎርና ባሕር ዛፍ ያለበትን ነገር ሕፃን አፍንጫ ሥር ማድረግ ትንፋሹን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል። ቪክስም ቢሆን ማሸጊያው ላይ ከ2 ዓመት በታች አይሆንም ይላል። "ደረቱ ላይ ትንሽ ብቻ" የምትሉኝ እናቶች ብዙ ናችሁ። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መልሶ አፉ ውስጥ እንደሚከት እናንተው ታውቃላችሁ።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የሚጥል በሽታ ካለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት። የጤና አዳም ዘይት ለነፍሰ ጡር በፍጹም አይሆንም።

ጤና አዳምን ካነሳሁ አይቀር፣ ፀሐይም አለች። የሎሚና የቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ) ዘይት፣ እንዲሁም የተፈጨ ጤና አዳም፣ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲመታው ቆዳውን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ከተቀባችሁ ቢያንስ ለ12 ሰዓታት ፀሐይ አይንካችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ የጥቅምት ፀሐይዋን ታውቁታላችሁ።

ዘይቱን ወደ ውሃ ፕላስቲክ ወይም ወደ ሽሮፕ ጠርሙስ አትገልብጡ። ክዳኑን አጥብቁ። ሽታው የተለወጠ ወይም ከተከፈተ ዓመታት ያለፈው ዘይት ቆዳን የበለጠ ስለሚያሳክክ ይጣል። ሲጣልም ልጅ የሚደርስበት ቆሻሻ ላይ አይሁን።

የእህቴ ልጅ ሆስፒታል ስትደርስ ዓይኗ ክድን ክድን ይል ነበር፣ እህቴ ስሟን እየደጋገመች ትጠራታለች። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት፣ ጣቷ ላይ ያች ቀይ መብራት ያላት ነገር ተሰካች። ነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "አስመልሳችኋታል?" ነበር። "አላስመለስናትም" አልኩ። "ወተትስ?" አለችኝ። "አልሰጠናትም።" ራሷን ነቀነቀችና ጠርሙሷን ተቀብላ ጽሑፉን አነበበች። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ እየነቃች መጣች፣ እስከ 11 ሰዓት አቆይተው ሳንባዋን ደግመው አዳምጠው ለቀቁን። ባጃጁ ውስጥ ራበኝ አለች።

ጎረቤታችን ማታ ልትጠይቃት ወተት በጆግ ይዛ መጣች። አሁን ይጠጣል አልኳት። ጠርሙሷን እናቴ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋባታለች፣ ቁልፉ መቀነቷ ላይ ታስሯል።